ሙጫ የጠጣ እንጨት ሲመዘን

መርሳ ከተማ ስትነሳ አብሮ የሚነሳው ፍሬዋ ነው። ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ፣ በሀብሩ ወረዳ፣ መንገደኛ ወርዶ የሚገዛው ማንጎ፣ ፓፓያና ብርቱካን ነው። ስለ ማንጎው ግንድ ግን የሚያወራ የለም። ዛፉ አርጅቶ ወይም ነፋስ ገንጥሎት ሲወድቅ ዕጣው ማገዶ ነው፤ አጥር ሥር ተጥሎ ክረምት ካለፈበት ደግሞ ለማገዶም አይፈለግም። ለቢላ እጀታ፣ ለጭራ መያዣ ወይም ለመቋሚያ ራስ የሚሆን ያማረ እንጨት የሚፈልግ ሰው ግን ዓይኑን መጣል ያለበት እዚያው አጥር ሥር ነው።

ማንጎ ከተቆረጠ በኋላ ሻጋታ ቶሎ የሚገባበት እንጨት ነው። እርጥብ አፈር ላይ ተጋድሞ ከከረመ፣ ሲሰነጠቅ ውስጡ ሌላ ሆኖ ይገኛል፦ አንዱ ወገን የነጣ፣ ሌላው ቡናማ፣ በመካከላቸውም በደብተራ ብዕር የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር። መስመሩ ድንበር ነው። በአንድ ግንድ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት የሻጋታ ዘሮች ሲገናኙ ይዞታቸውን የሚያጥሩት ሜላኒን በሚባለው፣ በሰው ቆዳና ጠጉር ውስጥም በሚገኘው ጥቁር ቀለም ነው። የሃዋይ እንጨት ሠራተኞች እንዲህ የዥጎረጎረውን ማንጎ ሳህንና ጌጥ ያወጡበታል፤ ገዢውም ለመስመሩ ሲል ከጤነኛው እንጨት አስበልጦ ይከፍልበታል።

ችግሩ፣ ውበቱን የሠራው ሻጋታ እንጨቱንም መብላቱ ነው። የተበላው ክፍል በጥፍር ይጫራል፤ መሮ ሲያርፍበት ይፈረፈራል፤ ቶርኖ ላይ ሲዞር ቃጫው እየተነጨ ይወጣል። መድኃኒቱ ከእንጨቱ ውስጥ አየሩን መጥጦ በምትኩ ፈሳሽ ሙጫ ማስገባትና ሙጫው እዚያው ውስጥ እንዲጠና ማድረግ ነው። ብዙ ቢላ ሠሪዎችና የብዕር ቀፎ የሚያወጡ ባለሙያዎች ይህን በየቤታቸው ይሠሩታል። የሚያስፈልገው የአየር መምጠጫ ፓምፕ፣ ወፍራም ዕቃ፣ በሙቀት የሚጠና፣ ሬዚን የሚባል ፈሳሽ ሙጫና ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ሥራው ራሱ የሚያስፈራ አይደለም። የሚያስቸግረው በደንብ የተሠራውን ካልተሠራው መለየት ነው፤ ሁለቱም ከተወለወሉ እኩል ያበራሉና።

ስለዚህ አዋቂ ዓይኑን ትቶ በሚዛን ይጀምራል።

የማንኛውም ዛፍ የቃጫ ግድግዳ፣ በውስጡ ያለው ባዶ ሳይቆጠር፣ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.5 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ይህም ከዛፍ ዛፍ ብዙ አይለያይም። እንጨትን ቀላል ወይም ከባድ የሚያደርገው በግድግዳዎቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው። አንድ ደረቅ እንጨት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 0.5 ግራም ከመዘነ ከይዘቱ ሁለት ሦስተኛው አየር ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ 100 ግራም የሚመዝን ቁራጭ ከ130 ግራም በላይ ሙጫ የሚያስገባ ቦታ አለው። ሠሪው «ከ100 ተነሥቶ 210 ደረሰ» ካለ ሙጫው እስከ ልቡ ዘልቋል። «ከ100 ወደ 125» ካለ ግን ዳር ዳሩን ብቻ ነው የነካው፤ ያ ቁራጭ ውስጡ አሁንም የበሰበሰ ነው። ክብደቱን ከነጭራሹ ያልመዘገበ ሠሪ በግምት የሚሠራ ነው፤ እጁ ቢባረክም ለሥራው ሙሉ ዋጋ መጠየቅ አይገባውም።

ሚዛን በሌለበት ውኃ አለ። ባዶው ሁሉ የሞላ ቁራጭ ከውኃ ይከብዳልና ጆግ ውስጥ ሲጣል ቀጥ ብሎ ይሰምጣል። ከተንሳፈፈ ገና አየር አለው። አንድ ጫፉ ጠልቆ ሌላው ቀና ካለ ደግሞ ሙጫው በአንድ ወገን ብቻ ገብቷል፤ ይህን ስህተት ዓይን ፈጽሞ አያገኘውም። ፈተናው ግን ለወይራ አይሠራም። ጤነኛ ወይራ ያለ ምንም ሙጫ ክብደቱ ከውኃ ጋር ይቀራረባል፤ የውስጡም ክፍተት ጥቂት ነው። ስለዚህ «ሙጫ ያጠጣሁት ወይራ» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ፈገግ ብሎ ማለፍ ነው። ወይራ ሙጫ አይጠጣም፤ አያስፈልገውምም።

የዋንዛም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጤነኛ ዋንዛ ቀላል፣ ለመላጊያ የሚመች፣ ከደረቀ በኋላም ቅርጹን የሚጠብቅ እንጨት ነው፤ እሱን ሙጫ ማጠጣት ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ሙያው የሚገባው ለለሰለሰው ነው፦ ለዥጉርጉሩ ማንጎ፣ ለብሳና፣ ለሾላና ለዋርካ ቅርንጫፍ፣ ዝናብ ለበላው የአሮጌ በር ጉበን። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ እነዚህ ዛፎች ያኔም የተመናመኑ ነበሩ። ለትንሽ ጌጥ ተብሎ የቆመ ዋንዛ ከመጣል የወደቀ ማንጎ ማንሣት ይሻላል፤ በመልክም ቢሆን ማንጎው ያሸንፋል።

ጥሩ ሥራ የሚጀምረው ከግንድ መረጣ ነው። መበስበስ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ የሻጋታ ዓይነት ቃጫውን አጣብቆ የያዘውን ሊግኒን እየበላ እንጨቱን ያነጣዋል፤ የቀረው ክፍል ቃጫማ፣ ለስላሳ፣ ግን እርስ በርሱ የተያያዘ ነው። ሙጫ የሚያድነው እሱን ነው። ሌላው ዓይነት ራሱን የቃጫውን አካል፣ ሴሉሎሱን፣ በልቶ ሊግኒኑን ይተዋል፤ እንጨቱ ቡናማ ይሆንና በቁመትም በአግድምም እየተሰነጣጠቀ ትንንሽ ኩብ ይሠራል፤ በጣት ሲታሽ ዱቄት ነው። በዚህኛው ላይ ሙጫ ማፍሰስ የሙጫ ጡብ መሥራት ነው። ነቀዝ የቆፈረውም ቢሆን ቀዳዳው ጥቂት ሲሆን ያምራል፤ በጣት ሲመታ የታፈነ ድምፅ ከሰጠና ዱቄት ካፈሰሰ ግን ወደ እሳት። ጥሩ ሠሪ ከሚያነሣው የሚጥለው ይበዛል፤ የሚጥለውን ክምር ማየት የሠራውን ከማየት ይልቅ ስለ እሱ ይናገራል።

ከመረጣ ቀጥሎ ማድረቅ ነው፤ አብዛኛው ሥራ የሚበላሸውም እዚህ ነው። የአናጺ ልማድ ጣውላን ጥላ ውስጥ ደርድሮ ወራት መጠበቅ ነው። ለወንበርና ለአልጋ ይበቃል፤ ለዚህ ሥራ አይበቃም። እንጨት ጥላ ውስጥ የቱንም ያህል ቢቆይ በአየሩ ውስጥ ካለው እርጥበት ድርሻውን ይዞ ይቀራል፤ ያ ጥቂት ውኃ ደግሞ ለሙጫው የታሰበውን ቦታ ይይዛል፣ ሙጫው እንዳይጠናም ያደርጋል። ስለዚህ ቁራጩ ከ100 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ባለ ሙቀት ምድጃ ውስጥ አንድ ቀን ያህል ይቆያል። በየሰዓቱ እየተመዘነ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ነው ደረቀ የሚባለው። ከዚያ በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ይቀዘቅዛል፤ ክፍት ከተተወ ከአየሩ እርጥበት መልሶ ይጠጣል፤ ትኩሱን ሬዚን ውስጥ መክተት ደግሞ ሬዚኑን ከነዕቃው ያጠናዋል።

ደረቅነት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያቆይ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያው በሰሜን ወሎ፣ በላስታ ተራሮች የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በዋሻ ውስጥ ድንጋይና እንጨት እየተደራረበ የታነጸ ነው። የታነጸው በ11ኛው ወይም በ12ኛው መቶ ዘመን እንደሆነ ይገመታል፤ በእንጨት ጠርብ ያጌጠው ጣሪያው ግን ዛሬም አለ። ዝናብ አይደርስበትም። ሻጋታ እንጨት ውስጥ ለመኖር ከእንጨቱ ደረቅ ክብደት ቢያንስ አንድ አምስተኛ ያህል ውኃ ይፈልጋል፤ ከዚያ በታች ይተኛል።

እርጥቡን እንጨት ሳያደርቁ ማዳን ሲያስፈልግ መንገዱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1628 በስቶክሆልም ወደብ የሰጠመችው ቫሳ የተባለች የስዊድን የጦር መርከብ በ1961 ከባሕር ስትወጣ ቃጫዋ በውኃ የተሞላ ነበር፤ ዝም ብላ ብትደርቅ ተጨማድዳ ትፈርስ ነበር። ባለሙያዎቹ ፖሊኢትሊን ግላይኮል የሚባለውን ሰም መሰል ነገር በውኃ አሟሙተው 17 ዓመት ረጩባት፤ እሱ የውኃውን ቦታ እየወሰደ ቅርጿን አቆመላት። ለቢላ እጀታ ያን ያህል ትዕግሥት አያስፈልግም።

አሁን፣ ቁራጩ ሬዚን ውስጥ ተዘፍቆ ከተቀመጠበት ዕቃ አየሩን ወደሚመጠው ፓምፕ። የሥራው መጻሕፍትና የሬዚን ቆርቆሮዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት በባሕር ጠለል ለሚኖር ሰው ነው፤ የወልድያ ሠሪ ቃሉን እንዳለ ከተቀበለ ይሳሳታል። «የግፊት መለኪያው ጌጅ ከ28 ኢንች ሜርኩሪ በላይ ካላነበበ ፓምፑ አይረባም» ይላሉ። በባሕር ዳርቻ የአየሩ ሙሉ ግፊት 29.9 ኢንች ስለሆነ ልክ ናቸው። ወልድያ ግን 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ የአየሩ ጠቅላላ ግፊት 23 ኢንች ብቻ ነው፤ በባር ሲሰላ 0.78። ፓምፑ የመጨረሻዋን አየር ቢመጥ እንኳ ጌጁ ከ23 አያልፍም። ወረድ ባለችው መርሳ፣ በ1,600 ሜትር ገደማ፣ ከ24.5 ጥቂት ከፍ ይላል። በአዲስ አበባ ደግሞ ቁጥሩ ከወልድያም ትንሽ ያንሳል። ወልድያ ውስጥ ጌጁ 28 ያነባል የሚል ሻጭ ወይ ጌጁ ተበላሽቷል ወይ እሱ ይዋሻል። ጥሩ ሠሪ የአገሩን ቁጥር ያውቃል፤ 22 ተኩል ላይ የሚቆም ፓምፕ በወልድያ በጣም ጥሩ ፓምፕ ነው። የፍሪጅ ጠጋኞች ጋዝ ከመሙላታቸው በፊት መስመሩን የሚመጡበት ዓይነት ፓምፕ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ከፍታው ሌላም ነገር ይወስዳል። ፓምፑ ሲዘጋና አየሩ ወደ ዕቃው ሲመለስ ሬዚኑን ወደ ቃጫው የሚገፋው ራሱ የአየሩ ክብደት ነው። ያ ግፊት በወልድያ ከባሕር ዳር ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ፓምፑ ጉድለቱን ሊሞላው አይችልም፤ ጊዜ ግን ይሞላዋል። ሙጫ ውስጥ ለሰዓታት ይቆይ የተባለውን ቁራጭ አሳድሮ ጠዋት መመዘን፣ መልሶ መክተት፣ ደግሞ መመዘን። የችኮላ ሥራ በቆላ ያመልጥ ይሆናል፤ በደጋ ይታወቃል።

በሚመጠጥበት ጊዜ አረፋውን ማንበብም ሙያ ነው። መጀመሪያ ብዙ ይፈላል፤ ቀስ በቀስ ይሳሳል፤ በመጨረሻ አልፎ አልፎ አንዳንድ ነጠብጣብ ብቻ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ሳይቀንስ የሚፈላ ከሆነ ከሁለት አንዱ ነው፦ ዕቃው አየር ያስገባል፣ ወይም እንጨቱ አልደረቀም። ግፊት ሲወርድ ውኃ በክፍል ሙቀት ይፈላልና። አረፋው ሳያልቅ ፓምፑን የሚያጠፋ ሠሪ ልቡ ያልሞላ ቁራጭ ያወጣል። ዕቃው ወፍራም ይሁን፤ ተራ ማሰሮና ስስ ብርጭቆ በአየሩ ክብደት ወደ ውስጥ ተሰብረው ዓይን ያጠፋሉ። ግፊት ለመጨመር ብሎ የወጥ ፕሬዠር ኩከርን ወይም የነዳጅ ጀሪካንን በአየር መሙላት ደግሞ በሕይወት መጫወት ነው።

ማጥናቱ አጭር ነው። ቁራጩ በአልሙኒየም ፎይል ተጠቅልሎ 90 ዲግሪን ጥቂት በሚያልፍ ሙቀት ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ሙቀቱ እስከ መሃሉ ደርሶ መቆየት አለበት። በወልድያ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በፈላ ውኃ ላይ ልሥራው የሚል ሰው ዳር ላይ ነው የቆመው፤ ጥቂት ሙቀት ከጎደለ ሙጫው አይጠናም። የዳቦ ምድጃ ደግሞ ከሚገባው በላይ ይግላል፤ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል፣ ሽታውም ዳቦው ላይ ይቀራል። የምድጃውን ቁልፍ ቁጥር ከማመን አንድ ቴርሞሜትር ውስጡ ማስቀመጥ ይሻላል። አንድ ጊዜ ሬዚን የገባበት ምድጃ ከእንግዲህ ምግብ አይገባበትም።

ተሠርቶ ያለቀውን ቁራጭ የሚገዛ ሰው ምን ይይ? የተወለወለውን ፊት ይተወውና ጫፉን ያገላብጥ፤ ቃጫው የተቆረጠበት ፊት አይዋሽም። በጥፍር ሲጫን መሃሉም ዳሩም እኩል ከጠነከረ፣ ቀለሙም ከዳር እስከ መሃል አንድ ከሆነ ጥሩ ነው። መሃሉ ላይ የገረጣ ደሴት ከታየ ሙጫው አልደረሰም። ከሁሉም የሚሻለው መሃሉን በመጋዝ ማየት ነው፤ ልምድ ያለው ሠሪ ከአንድ ዙር ሥራ አንዱን ቁራጭ ለዚሁ ሲል ሠውቶ ለደንበኛው ያሳያል። ያን ቁራጭ የሚያሳይ ሰው ሊታመን ይችላል።

ጥቁሩ መስመርም ምስክር ነው። ሻጋታ የሠራው ድንበር በእንጨቱ ውስጥ እንደ ስስ ግድግዳ የቆመ ስለሆነ፣ ጠርዙን ዞሮ በሌላው ፊትም ይቀጥላል፤ ከላይ የሚታየው መስመር በጎንም በጫፍም ቀጣዩ አለው። በጋለ ብረት የተተኮሰ ወይም በቀለም የተሳለ ከሆነ ግን ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይቆማል። በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሁለት ጊዜ ሲታሽ የውሸቱ ይደበዝዛል፣ የእውነቱ ግን ይጠራል። ቫርኒሽ የተቀባ ከሆነም እዚያው ይታወቃል፦ ነጭ የቫርኒሽ ትቢያ ይወጣና ከሥሩ የሚፈረፈረው እንጨት ይገለጣል። በደንብ ሙጫ የጠጣ እንጨት ቫርኒሽ አይለምንም፤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ በጨርቅ ሲወለወል ብርሃኑ ከራሱ ይወጣል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር። ሬዚኑን ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ አድርጎ ማጠጣት ዛሬ ፋሽን ነው፤ ለሳሎን ጌጥ ደግሞ ገበያ አለው። ቢሆንም ሻጋታው ራሱ የጻፈውን መልክ በሰማያዊ መሸፈን የማንጎውን ጌጥ መጣል ነው። ቀለም የሚገባው መልክ ለሌለው ለብሳና ይመስላል።

ትንሽ ጉድለት ላይ ሙሉ መሣሪያ መዘርጋት ደግሞ አያስፈልግም። የጥፍር ያህል የለሰለሰች ቦታ በቀጭን ሱፐር ግሉ ትጠናለች፤ ነገር ግን እሱ ከላይ ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚገባው፤ ለትልቅ እጀታ «ሱፐር ግሉ አጠጥቼዋለሁ» ማለት ዋስትና አይሆንም። ኤፖክሲም እንዲሁ፤ ወፍራም ስለሆነ ስንጥቅ ይሞላል እንጂ ቃጫ ውስጥ አይዘልቅም። የሙዚየም ጠጋኞች ለአሮጌ ቅርጽ የሚመርጡት ፓራሎይድ ቢ 72 የተባለውን ሙጫ በአሴቶን አሟሙተው ነው፤ ጥቅሙ በኋላ መልሶ ማውጣት መቻሉ ነው። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ የሚጠግን ሰው ይህን ቢያስብ ያተርፋል፤ በሙቀት የሚጠናው ሬዚን አንዴ ከገባ አይወጣም።

ሻጋታ የገባበትን እንጨት የሚያሽ፣ የሚጋዝ ወይም የሚቦረቡር ሰው ኤን 95 ጭምብል ያድርግ። ዱቄቱ ሳምባ ያስቆጣል፤ ሙጫ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

ለምግብና ለድምፅ ግን ይህ ሙያ ቦታ የለውም። ሙጫ የጠጣ ማንኪያ፣ ገበታ ወይም ሙቀጫ ማንም ቢያመሰግነው አይገዛም፤ ለእነዚህ ጠንካራ እንጨት ተመርጦ የተልባ ዘይትና ሰም ቢጠጣ ይበቃል። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ራሱን በራሱ አግሎ ሊነድ ስለሚችል ተዘርግቶ ይድረቅ። የማሲንቆ ሳጥንም ሙጫ ከጠጣ ይከብዳል፣ ድምፁም ይታፈናል፤ ሙጫ የሚሻው ቢኖር ጌጡ ብቻ ነው። ለቢላ እጀታ፣ ለጭራ መያዣና ለመቋሚያ ራስ ግን የሀብሩ ማንጎ ዋጋ አለው። ለመግዛት የሚሄዱ አንባቢዎች ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ ከመጠጣቱ በፊትና በኋላ የተመዘገበውን ክብደት፣ ከዚያው ዙር መሃሉ በመጋዝ የተከፈተ አንድ ቁራጭ። ሁለቱንም ካላሳየ ዋጋውን በግማሽ ይቀንሱ ወይም ጥለውት ይሂዱ።